ሰባ ስድስት ቀን ያለ ዓሣ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ትናንት በስልክ «ዓሦቹስ እንዴት ሆኑ?» ብለህ ጠየቅከኝ። ገና አፌን ስከፍት «ቆይ፣ ሰው እየደወለልኝ ነው» ብለህ ዘጋኸው። ሞኝ ነኝና መልሰህ ትደውላለህ ብዬ ግማሽ ሰዓት ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ስለዚህ የጠየቅከውን በጽሑፍ ልመልስልህ። ካልፈለግክ አታንብበው፤ ሳታነበው ግን እንዳነበብክ ሆነህ ለሰው አታውራ።

በቅድሚያ እንኳን ደስ አለህ። ያቺን ፎቶህን አይቻታለሁ። አባባ ገንዳው ፊት ቆሞ፣ አንተ ትከሻውን አቅፈህ፣ ከሥሩ «የአባቴን ደስታ መለስኩለት» የሚል ጽሑፍ። ሁለት መቶ ምናምን ሰው «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ብሎሃል። ታች ቤት ያለችው የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ሳትቀር ደረጃ ላይ አስቁማኝ «ወንድምሽ እኮ የተባረከ ነው!» አለችኝ። የሞተ ዓሣ በፌስታል ይዤ እየወረድኩ ነበር። «አዎ፣ የተባረከ ነው» ብያት ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄድኩ።

አንተ የምታውቀው ፎቶውን ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ላይ ምግብ ሲያበስል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ከባሕሩ ያስቀረው ነገር ያ የዓሣ ገንዳ ነው። ግራ ጎኑ ከደከመ ወዲህ ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው በራሱ ፈቃድ ከወንበሩ የሚነሣው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን ተደግፎ ይነሣል፤ እግሩን እየጎተተ ገንዳው ድረስ ይሄድና ሻለቃን በእጁ ያበላዋል። ሻለቃ ያ ብርቱካናማው ነው፣ ነጭ መቀነት ያለው፤ አሥራ አራት ዓመቱ። ስሙን እንኳ ሁልጊዜ ነው የምትሳሳተው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ይሄ ዓሣ ከእኔ የበለጠ ይሠራል፤ እንዳይሞትባችሁ» ትለኝ ነበር። ቀልዷን አልነበረም።

ከዚያ አንተ ለልደቱ መጣህ። ከስምንት ወር በኋላ መምጣትህ ነበር፤ ሰማያዊ ዓሣ በላስቲክ ውኃ አንጠልጥለህ። እኔ ምን አልኩህ? «እባክህ አዲስ ዓሣ ዝም ብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ለብቻው ይቆይ» አልኩህ። አንተስ? ሳቅክ። «ዓሣ ደግሞ ምን በሽታ አለው? ቀኑን ሙሉ እየታጠበ የሚውል!» አልክ። ይኼን ስትል ፊትህ ላይ የነበረውን ኩራት መቼም አልረሳውም። በአንድ እጅህ ስልክህን ደግነህ በሌላው ዓሣውን ከነውኃው ዘረገፍከው።

በአሥረኛው ቀን ሁሉም ላይ ነጭ ነጥብ ወጣባቸው፤ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ድንጋዩ ላይ ራሳቸውን ያሻሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ያንተ ሰማያዊ ቀድሞ ሞተ። ደወልኩልህ። «ብርድ ይሆናል፣ ውኃውን ሞቅ አድርጊው» አልከኝ። ወይ ብርድ!

ዓሣ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ስትገዛ ይኼን ሰውዬ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀው ኖሮ ይነግርህ ነበር። «እህቴ፣ ተባዩ ከዓሣው ላይ ይወድቅና አሸዋው ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ተነሥቶ ዓሣ ይፈልጋል። ዓሣ ካጣ ያልቅለታል። ዓሦቹን ሌላ ዕቃ ውስጥ አድርገሽ አክሚያቸው፣ ትልቁን ገንዳ ሰባ ስድስት ቀን ያለ ዓሣ ተዪው» አለኝ። «መድኃኒቱን እዚያው ገንዳው ውስጥ ብጨምረውስ?» ስለው «ከዓሦቹ ጋር የሚኖሩትን ሽሪምፑንም ቀንድ አውጣውንም ትፈጂያለሽ። አንድም ቀን እንዳታሳጥሪ፤ ሰው ሁሉ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው» አለኝ።

እናም የስፌት ክፍሌ ለይቶ ማቆያ ሆነ። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ባዶ የመስታወት ሳጥን አስቀመጥኩ። አሸዋ የለውም፣ ድንጋይ የለውም፤ መድኃኒቱን ይመጥጡታልና። መደበቂያ እንዲሆናቸው የቧንቧ ቁራጭ፣ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ በቃ። መድኃኒቱ መዳብ ነው። ካነሰ ተባዩ አይሞትም፣ ከበዛ ዓሣው ይሞታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ከውኃው ትንሽ ቀድቼ፣ ጠብታ ጨምሬ፣ ቀለሙን ከካርዱ ጋር አስተያያለሁ። ውኃ በቀየርኩ ቁጥር ጨው በባልዲ በጥብጬ፣ ሙቀቱን አስተካክዬ፣ የወጣውን ያህል መድኃኒት እመልሳለሁ። ከዚያ እጄን ታጥቤ የሙሽራ ቀሚስ እሰፋለሁ። የአንዷን ሙሽራ ቀሚስ ጠርዙ ላይ የጨው ውኃ ተረጭቶበት ፈትቼ እንደገና ሰፍቻለሁ። ይኼን ለማንም ፎቶ አንስቼ አላሳየሁም።

አባባ እጁን እዚያ ውስጥ መክተት ስለተከለከለ ጠዋት ጠዋት መነሣት ተወ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ባዶውን ገንዳ ያያል፣ በደህናው እጁ ካላንደሩ ላይ ቀን ይሰርዛል። እንግዳ መጥቶ «ዓሦቹ የት ሄዱ?» ሲለው «ዕረፍት ወጥተዋል» ይላል። ፊዚዮቴራፒስቷ እግሩን ዳሰሰችና «ይኼ ቆጠራ ቶሎ ይለቅላችሁ፤ ጡንቻው እየጠፋ ነው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ በስልክ ነግሬሃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «እሺ እሺ» ብለኸኛል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ!

በአርባ አንደኛው ቀን ቀሚስ ላስለካ ወጣሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ልማድህ ነውና ያንን ቀን መርጠህ መጣህ። ስመለስ ኮሌታዬ ላይ የሰካሁትን መርፌ እንኳ አላወለቅኩም፤ አባባ ቆሞ ይስቃል፣ አንተ እጅጌህን ሰብስበህ መረብ ይዘሃል፣ ዓሦቹ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ናቸው።

«ምን አደረግክ?» አልኩህ።

«አየሽ? አንቺ በአርባ ቀን ያላመጣሽውን እኔ በአምስት ደቂቃ! አባባን እይው፣ ቆመ እኮ!»

«ሰባ ስድስት ቀን አላልኩህም?»

«ኤጭ! አንቺ እኮ ሁሉን ነገር እስር ቤት ታደርጊዋለሽ። ዓሣ አይደለም፣ ሰውም አንቺ ጋ ይታመማል።»

ይኼን ብለህ ምሳህን በልተህ ሄድክ። ቀጠሮ ነበረህ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ። አንተን ግን አወቅክ ያለህ ማን ነው? እኔ ያንን ሁሉ ድንጋይ አንድ በአንድ አውጥቼ ሦስቱን ዓሦች መልሼ ለመያዝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በስድስተኛው ቀን ነጥቡ ተመልሶ ወጣ። ቆጠራው ከአንድ ጀመረ። ሁለቱ ቢጫዎች በተከታታይ ሞቱ፤ በፌስታል ያወረድኩት ሁለተኛውን ነበር። ሻለቃ አራት ቀን ምግብ እንቢ አለ፣ አንድ ዓይኑ ደመነ። አንተ በዚያው ሳምንት ዓይንህን በጨው አጥበህ «አባባ እንዴት ነው ከነዓሦቹ?» የሚል መልእክት ከሳቂታ ፊት ጋር ላክህልኝ።

እውነቱን ልንገርህ ወንድም ጋሼ፣ እንቅሃለሁ። ክፉ ብትሆን እንኳ አከብርህ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ያሰበበትን ነው የሚሠራው። አንተ ሰው ካላየህ እጅህ አይንቀሳቀስም። አባባ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እንኳ ትልቅ የአበባ ቅርጫት አምጥተህ አልጋው ላይ ቦታ ጠፍቶ ነርሷ «ይኼን ማን ነው ያመጣው?» ብላ ስትቆጣ ወደ እኔ ያየህ ሰው ነህ።

ለአባባም ይኼን ሁሉ ልነግረው ቆርጬ ነበር። ሁለተኛው ቢጫ የሞተ ቀን ወንበሩ አጠገብ ተቀመጥኩና «አባባ፣ ዓሦችህን የገደለው ልጅህ ነው። ቀኑ አልሞላም ነበር» አልኩት።

ከካላንደሩ ቀና ሳይል «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«አርባ አንድ ነበር። እየቆጠርኩ አልነበር እንዴ?» የዕለቱን ቀን ሰረዘና «መረቡ የት እንዳለም ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለ።

ወንድም ጋሼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ለምን? ሻለቃ ቢሞትስ?» አልኩት።

«‹ምን ላድርግልህ አባባ?› አለኝ። ስንት ዘመኑ እንደዚህ ካለኝ! ምን ልበለው ታዲያ? ምንም አልፈልግ፣ ሂድ ልበለው? ከሄደ መቼ ነው የሚመለሰው?»

ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬው ስኖር እኔ «ምን ላድርግልህ?» ብዬው አላውቅም፤ ዝም ብዬ አደርገዋለሁ እንጂ። ለአንተ ደስታ ሻለቃን ሊከፍል ተነሣ፣ እግሩንም ጭምር። ለእኔ ግን ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚለኝ «ሙቀቱን አየሽው?» ነው። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። የሚንቁት ሰው ላይ መቅናት ምን ያህል እንደሚያሳፍር አንተ አታውቀውም፤ አንተ ማንንም ለመናቅ ያህል ልብ ብለህ አይተህ አታውቅም።

እንግዲህ የጠየቅከኝ ይኼ ነው። ዛሬ ስልሳ ስምንተኛ ቀናችን ነው። ሻለቃ አለ። አንድ ዓይኑ አያይም፤ ግን ይበላል፣ ነጥብ የለበትም። አባባ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የስፌት ጠረጴዛዬን ይዞ መቆም ይለማመዳል። ትናንት እስከ አሥራ አንድ ስንቆጥር ቆሞ ቆየ። ሰባ ስድስተኛው ቀን የፊታችን ሳምንት ቅዳሜ ይውላል።

አባባ መረቡን አንተ እንድትይዝ ይፈልጋል። እኔ «በጭራሽ!» አልኩ፤ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። «እሱ ይያዘው፣ አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ታሳዪዋለሽ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል የለውም። እሺ ብያለሁ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።

ስለዚህ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ና። ሽቶ አትቀባ፣ እጅህን በሳሙና ሳይሆን በውኃ ብቻ ታጠብ። ስልክህን በር ላይ እቀበልሃለሁ። መረቡን ቀስ አድርገህ ከሥር ነው የምታስገባው፤ አታሳድደው፣ በማያይበት ዓይኑ በኩል አትምጣበት፣ ይደነግጣል። የቀረውን እነግርሃለሁ።

የምትቀር ከሆነ ግን ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመህ ንገረኝ። በቀረህ ቁጥር ለአባባ የሚነገረውን ውሸት የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ይኼኛው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

እህትህ