ደረጃው የማያልቅበት ሕልም

ውዴ ከዲጃ፣

አላህ ቀብርሽን ሰፊ ያድርግልሽ። ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም፤ ድሮም በቤታችን የገበያ ዝርዝር እንኳ የምትጽፊው አንቺ ነበርሽ። ዛሬ የጻፍኩት ጭንቅ ስለያዘኝ ነው። ልጃችን ሂክማ ከእህትሽ ከሰዓዳ ቤት ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በፊት ትመለሳለች። ሦስት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ቀን ነው፤ አሁን ሲደርስ ግን ፈራሁ።

ለምን ከቤት እንደወጣች ልንገርሽ፤ ማፈሬን ቻል አድርጊልኝ።

አንቺን ከቀበርን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሲወስደኝም ያው አንድ ሕልም ነው። ያን ቀን ትንፋሽ ሲያጥርሽ፣ እኔና ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ በብርድ ልብስ ይዘን ከአራተኛ ፎቅ ስናወርድሽ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ አሳርፉኝ ብለሽን ነበር። እኔ ለመኪናው ቸኩዬ አላቆምኩም። ሆስፒታል ሳንደርስ አለፍሽ። በሕልሜ ብቻዬን ተሸክሜሽ እወርዳለሁ፣ ደረጃው አያልቅም። አሳርፈኝ ትይኛለሽ፣ እኔ አላቆምም።

ሥራዬም ተበላሸ። ለአንድ ጠበቃ የሰፋሁትን ካባ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ገጠምኩት። ሰውየው ለብሶት ዞር ዞር አለና፣ ይሄን ለብሼ ችሎት ብቆም ዳኛው መጀመሪያ የሚፈርደው ባንተ ላይ ነው አለኝ። አብሬው ሳቅኩ። እሱ ሲወጣ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ሰፈራችን ካለው ክሊኒክ ሄድኩ። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ነው። ሐኪሙ ምን እንዳመመኝ ሲጠይቀኝ እንቅልፍ የለኝም አልኩና ሕልሙን ዋጥኩት። ታውቂያለሽ፣ በእኛ ቤት ክፉ ሕልም አይወራም። አዑዙ ብሎ በአላህ ተጠብቆ፣ ወደ ግራ ሦስቴ እንትፍ ብሎ፣ ጎንን ቀይሮ መተኛት ነው። አባቴ ከወሎ ይዞት የመጣው፣ አንቺም ለሂክማ ያስተማርሻት ይኸው ነው። ሐኪሙ ምን ያድርግ፤ የሰማውን ይዞ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠኝ፣ ማታ ማታ አንድ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ብሎ። ኪኒኑ እንቅልፉን አመጣ፣ ሕልሙን ግን አላስወጣም። ድሮ ጮኼ እነቃ ነበር፤ አሁን መንቃትም አቃተኝ። እኔ ጅሉ መድኃኒቱ ያነሰኝ መስሎኝ ሁለት ሁለት ዋጥኩ።

የነቃሁት በሂክማ ጩኸት ነው። ደረጃው ላይ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ፤ ልጃችን በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ክንዴ ላይ ናት። አባ አውርደኝ፣ አውርደኝ ትላለች። ከአልጋዋ እንዴት እንዳነሳኋት፣ በሩን እንዴት እንደከፈትኩ አላውቅም። ጋሽ ተፈራ በፒጃማ ወጥቶ ከእጄ ተቀበላት። አንድ እርምጃ ስቼ ቢሆን ኖሮ ... ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሰዓዳ በማግስቱ መጥታ ልብሷን በፌስታል ከታ ወሰደቻት። ድነህ ና፣ ያኔ እሰጥሃለሁ አለችኝ። አባቷ ነኝ ብዬ ጮህኩባት፤ ልክ እንደሆነች ግን አውቀው ነበር። ላያት ስሄድ ሂክማ ከበሩ ሳትወጣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ፣ አባ፣ ዛሬስ ተኛህ? ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ።

የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሰው ያየኛል ብዬ ከበሩ ተመለስኩ። ደግሞ ሕልሙን መናገሩ ከበደኝ። በመጨረሻ የመስጊዳችንን ሼህ ጠየቅኋቸው። ለሐኪም የምትነግረው ሕመምህን ነው፣ ሕልም ማውራት አይደለም አሉኝ። ሄድኩ፣ ነገርኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ስናገር አላቋረጠችኝም። ኪኒኑን በራሴ በመጨመሬ ተቆጣችኝ፤ በራሴም በአንዴ እንዳላቆም አስጠንቅቃ ቀስ በቀስ ቀነሰችልኝ። ለእንቅልፉ፣ ተኛሁም አልተኛሁም ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሳት፣ ካልመጣ ደግሞ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነስቶ መቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ መተው። ሻይ መተው! እኔ! ለቅዠቱ ደግሞ ለደም ግፊት የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፣ አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ ሁሉንም አይደለም፣ ስትነሳም ሊያዞርህ ይችላል አለችኝ። ከእሱ በፊት ግን ሕልሙን በቀን ጻፈው፣ የፈለግከውን ቦታ ቀይረው፣ የቀየርከውን በየቀኑ በሐሳብህ ተመላለስበት አለች።

ስድስት ቀን እስክሪብቶ አነሳሁ፣ ጣልኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ፎቶሽ ፈገግ ይላል እንጂ አይናገርም፤ በዚያ ክፉ ሕልም ግን ድምፅሽ አለ፣ ክብደትሽ ክንዴ ላይ አለ። ሕልሙን ብቀይረው ጭራሽ ብትቀሪብኝስ? ቅዠቴን ሳሳሁለት፣ ከዲጃ።

ሰባተኛው ቀን ጁምዓ ነበር። ልጃችንን ላያት ስሄድ ሰዓዳ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ ሂክማ ጫማዋን ሳታወልቅ እንደምትተኛ ነገረችኝ። ለመሮጥ እንዲመቻት ነው። ከእኔ ለመሮጥ።

ከዚያ በቀጥታ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው የስፌት ሱቄ ገብቼ በልብስ ልክ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እቆማለሁ። ደረጃው ላይ አስቀምጥሻለሁ፣ ሻርፕሽን አላላልሻለሁ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይንፋ፣ ይጠብቅ። አንቺን ማዳን አልጻፍኩም፤ እንደዚያ ልዋሽ አልቻልኩም። ማሳረፍ ብቻ ጻፍኩ።

በየቀኑ ከዙህር ሶላት በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ አነበዋለሁ። መጀመሪያ ምንም አልረዳኝም፣ ሕልሙ እንደ ድሮው መጣ። አንድ ሌሊት ግን ቆምኩ። አስቀመጥኩሽ። አንገትሽን ወደ ትከሻዬ ጣል አድርገሽ ተነፈስሽ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት አልፏል፣ አልመጣሽም። ደስ ብሎኛል፣ አዝኛለሁም። ዶክተሯ ሊመለስ ይችላል፣ ከተመለሰ መድኃኒቱን እንሞክራለን፣ አትደንግጥ ብላኛለች። ሰዓዳም ይህን ሁሉ ነግሬያት ነው ልጃችንን ልትመልስ የተስማማችው። ከዛሬ ጀምሮ ሂክማ መኝታ ቤት ከውስጥ ቆልፋ ትተኛለች፣ እኔ ሳሎን። የውጪው በር ሲከፈት ጋሽ ተፈራን የሚቀሰቅስ ደወል አስሬበታለሁ።

አልረሳሽም። ዱዓዬ ላይ አለሽ። ለሂክማ ስላንቺ አወራላታለሁ፤ ክር ነጋዴዎቹን በዋጋ እንዴት ታስለቅሻቸው እንደነበር፣ ስትስቂ አፍሽን በሻርፕሽ እንደምትሸፍኚ። ቀኑ ሁሉ ያንቺ ነው። ዛሬ ሌሊት ግን፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አትምጪ።

ባልሽ ሁሴን