ስድስተኛዋ ወንበር ዋጃ ናት

ሆዴ፣

ከተለያየን አስራ አንድ ወር ከስምንት ቀን ሆነ። ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት ግን የሚያሳፍረኝን አንድ ነገር ልናዘዝ። አንተም ስማ፣ ይህን አምድ የምታነቡ ወዳጆቼም ስሙ፤ ብቻ ሰፈር ውስጥ እንዳታዞሩብኝ። ሰው ቤት ስገባ ወንበር እገለብጣለሁ። "ኧረ ተቀመጪ" ስባል፣ ከመቀመጤ በፊት ወንበሩን አንስቼ ሆዱን አያለሁ። የእድራችን ጸሐፊ ሚስት ባለፈው ተቀይማ "እኛ ቤት ትኋን የለም እኮ!" ብላኛለች። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ገልብጫለሁ። ይኸው ተናገርኩ።

ከዚህ የባሰም አለ፤ እሱን ቀስ ብዬ ነው የማመጣው። ስትቆጣ ሳይሆን ስትስቅ ነው የምፈራህ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርህ። የተከልካት ኒም አጥሩን አልፋለች፤ ከቀትር በኋላ ጥላዋ ጠረጴዛህ ድረስ ይመጣል። ግሪሳ መጣ፣ ግሪሳ መጣ ሲሉን ከረሙና ወፉ ወደ ሌላ ዞረ፤ ማሽላው ተረፈ። ጎረቤታችን እታገኝ፣ አንተ "ሬዲዮ ጣቢያ" የምትላት፣ ስርጭቷን አላቋረጠችም። ልጃችን በየእሁዱ ከደሴ ትደውላለች። "እማ፣ ያን ወንበር ፍለጋ ዛሬም አልተውሽም?" ትለኛለች። አልተውኩም እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ሲያስገባና የዞብል ተራራ በአቧራው ውስጥ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ሲመስል፣ ከኒሟ ሥር የብርጭቆ ወረቀትህ እንጨት ላይ ሲሄድ እሰማለሁ። እሽ፣ እሽ፣ እሽ። ወጥቼ አላይም። ብወጣ ዝም እንደሚል አውቃለሁ።

አንባቢዎቼ አያውቁህምና ትንሽ ፊት ለፊትህ ላማህ ነው። ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ ሰው ከብት ይሰበስባል፤ የኔ ባል አሮጌ የኮምፔርሳቶ ወንበር ይሰበስብ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ተብለው ቆቦ የመጡ ስድስት ወንበሮች ነበሩ። መቀመጫውና መደገፊያው ከአንድ ገጽ ኮምፔርሳቶ የታጠፈ፣ ምስማር የማይታይበት፣ ማዕዘን የሌለው፤ ነፋስ ነክቶት እጥፍ ያለ የሙዝ ቅጠል ነው የሚመስለው። በኋላ የብረት ወንበር መጣና እነሱ በሐራጅ ወጥተው በየመንደሩ ተበተኑ። አንተ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆነህ ሲበተኑ አይተሃል፤ ያ ቆጭቶህ ነው መሰለኝ ዕድሜህን ሙሉ ስትለቅማቸው የኖርከው።

አለቃቀምህ ደግሞ! ጎብዬ ፀጉርህን ልትስተካከል ገብተህ፣ ግማሹ እንደተላጨ ብድግ ብለህ የተቀመጥክበትን ገለበጥከው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ "ኧረ ኑ፣ ጋሽ ታደሰ አበደ እንዴ?" ብሎ ጎረቤት ጠራ። ሮቢት ያገኘሃት ላይ ዶሮ ያድርባት ነበር፤ ዶሮዋን ይቅርታ ጠይቀህ እንዳወረድካት ራስህ ነግረኸኛል። የወንበር ሆድ ማየት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የፋብሪካው ቁጥር የሚታተመው እዚያ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ የተገኘችበትን ቦታ ትጽፍባታለህ።

ዳሯን በጥፍርህ እየቆጠርክ "ሰባት ቅጠል" ትለኝ ነበር። ስስ እንጨት፣ አንዱ በቁመት አንዱ በአግድም ተደራርቦ፣ ኮላ ጠጥቶ፣ በሙቀት ቅርጽ ላይ ተጭኖ። "ወፍራሙን ሳንቃ ታጠፍ ብትዪው ይሰበራል፤ ስስ ስስ ሆኖ ሲደራረብ ግን እሺ ይላል" አልከኝ። እኔ ሞኟ ስለ ወንበር የምታወራ መስሎኝ እሰማህ ነበር። የቆቦ በጋ ኮላውን ሲያስለቅቀው ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከከመነዳሪው፣ የቀደድከውን ጥብጣብ ትጠመጥምላቸውና እንደ ታማሚ አልጋችን ሥር ታስተኛቸዋለህ። "ቀስ በይ፣ እንቅልፍ ላይ ናት" ትለኛለህ። እኔን ሲያመኝ እንደዚያ አልጠመጠምከኝም፤ ያን አልረሳሁትም።

ስድስተኛዋን ያገኘሃት መጨረሻ ላይ ነው። የኛ ናት እሷ። ልጅ እግር ሆኜ ለአንዲት ፊርማ ከጠዋት እስከ ማታ መሥሪያ ቤታችሁ ስጠብቅ የተቀመጥኩባት። ልነሣ ስል የነጠላዬ ክር የወንበሯ ዳር ስንጥቅ ውስጥ ተይዞ አለቅም አለ፤ አንተ ከንብረት ክፍል ፒንሳ ይዘህ መጥተህ ተንበረከክህ። ክሩን ለማውጣት ያን ያህል ጊዜ እንደማያስፈልግ ኋላ ነው የገባኝ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ሰው እህሉንና ላሙን ሲያሸሽ አንተ ወንበር አሸሸህ። "ቴሌቪዥኑስ?" ብዬ ጮኼብሃለሁ። "ቴሌቪዥን ዕቃ ነው፤ አንድ ወንበር ግን ሰው ቤት ከገባ እንደ ቤተሰብ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም" አልከኝ። እያንዳንዷን ለአንድ አንድ ቤት አደራ ሰጠህ፤ የት እንደሆነ ግን ለኔም አልነገርክ። "ካላወቅሽ አትጠየቂም።" ሁሉንም "ራሴ መጥቼ እስክወስዳት" ብለህ ነው የሰጠሃቸው። ክፉው ጊዜ አለፈ፤ አንተ ግን ወዲያው ታመምክና መሄድ አልቻልክም። መጨረሻ ላይ እጄን ይዘህ "ስድስቱን አንድ ላይ አድርጊያቸው" አልከኝ። እሺ አልኩህ። ሌላ ምንም አልጠየቅከኝም።

ለቅሶህ ሦስተኛ ቀን የሆነውን አላየህም፤ ወይም አይተሃል። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ባለ ዶሮዋ የሮቢት ሴትዮ ወንበር በአናቷ ተሸክማ መጣች። አልቅሳ ስታበቃ አስቀመጠችና "አደራው ይኸው" ብላ ራሷ ተቀመጠችባት። የጎብዬው ፀጉር አስተካካይ በባጃጅ ጣሪያ አስሮ አመጣ። አንዷ ከቆላው በግመል ላይ እየተወዛወዘች ስትመጣ፣ እንባዬ ውስጥ ሆኜ ሳያት አንተ ራስህ ተቀምጠህባት የምትመጣ መሰለኝ። አምስት ሆኑ። የድንኳኑን በር ሳይ ከረምኩ፤ ስድስተኛዋ አልመጣችም። ወንበር ገልባጭ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ባሰው።

ባለፈው ሳምንት ከእታገኝ ጋር ዋጃ ለቅሶ ደርሰን ስንወጣ ቀትር ነበር። መንገዱ ነጭ፣ ሰው የለም። በአንድ ክፍት በር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ሲሰግዱ አየሁ። ጉልበታቸው አይታጠፍም መሰለኝ፤ ወገባቸውን ብቻ ጎንበስ ቀና ያደርጋሉ። ከበሩ የገባው ብርሃን የወንበሩን መደገፊያ አበራው። ያን እጥፋት በጨለማ በእጄ ብዳስሰው አውቀዋለሁ። እታገኝ ክንዴን ይዛ "እንዳትገለብጪያቸው ብቻ!" አለችኝ። ሰግደው እስኪጨርሱ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሼህ ይማም ይባላሉ። ገብቼ የታደሰ ሚስት ነኝ ስል ፊታቸው በራ። "የጋሽ ታደሰ! ነይ ልጄ፣ ነይ እስቲ። እሱስ? ደህና ነው?"

እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። መርዶ በቀትር፣ በአንዲት ሴት አፍ፣ ደጃፍ ላይ ተቁሞ አይነገርም። ሽማግሌ ተይዞ፣ ማለዳ ተሂዶ፣ ሰውየው ተቀምጦ ነው። ይህን አሰብኩና ከአፌ የወጣው "ደህና ነው፣ ይመስገን" የሚል ሆነ። ከራስ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሼ! እታገኝ ከኋላዬ ሳል ያዛት። ሽማግሌው አንዴ ልብሴን አዩ፣ አንዴ ፊቴን አዩ፣ "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ወንበሩን ልወስድ መጣሁ አልኳቸው። ልባቸው አዘነ፤ አየሁት። በመዳፋቸው የወንበሯን ዳር ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "አደራውን የሰጠኝ እሱ ነው፤ ራሴ መጥቼ እስክወስዳት ነው ያለኝ። ወላሂ ለሌላ ሰው አልሰጥም። አብሽሪ፣ እሱ ይምጣ።" መቼ ይመጣል ሲሉኝ "ይመጣል" አልኩ። ሁለት ውሸት በአንድ ቀትር! ብቻ አንዴ ልያት ብዬ ለመንኩ። ተነሥተው በልጃቸው ትከሻ ተደገፉ። ገለበጥኳት። ቁጥሩ አለ፤ ጎኑ በእርሳስ የጻፍከው አለ፤ እንደ ሌሎቹ የቦታ ስም የሚጠራ መስሎኝ ነበር። "ነጠላዋ የተያዘባት" ይላል። ስንጥቁን በጣቴ ፈለግሁት፤ ኮላ ሞልተህ ዘግተኸዋል፤ ለስላሳ ነው፣ ያለበት እንኳ አይታወቅም። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያን ጊዜ ወንበሯን ታቅፌ ልሮጥ ዳድቶኝ ነበር። ሽማግሌውን ግን ቆመው ሲንቀጠቀጡ አየሁና መልሼ አስቀመጥኩላቸው።

ልጃቸው ዘይነባ እስከ መንገዱ ሸኘችን። ሚኒባሱ ሲመጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እትዬ፣ አባዬ ያውቃል" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የጋሽ ታደሰን ማረፍ። ያኔውኑ ከቆቦ ገበያ ሰምቷል። 'አደራው ካልተነሣ ሰውየው ገና ጉዳይ አለው፣ መምጣቱ አይቀርም' ይላል። ደግሞ..." አለችና ሳቀች፣ "ያለሷ መስገድ አይሆንለትም። ለኔ ተዉልኝ እንዳይል አደራ ነው፤ አፈረ።"

ይኸውልህ። እኔ መርዶ ሰወርኩባቸው፣ እሳቸው ማወቃቸውን ሰወሩብኝ፤ ሁለታችንም አንተን "ደህና ነው" እያልን አኖርንህ። እታገኝ እስከ ቆቦ ድረስ ስትስቅ ነው የመጣችው። እኔ መስኮቱን ደገፍ ብዬ ነበር። የማሽላው ማሳ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ እንቅልፍ ይሁን ምን አላውቅም፣ አገዳው መሐል ስድስት ወንበር ተደርድሮ አየሁ፤ አንተ በላስቲክህ አንዷን ትጠመጥማለህ። "አንድ ላይ አድርጊያቸው አልኩ እንጂ መች ቤት አልኩሽ?" ያልከኝ መሰለኝ። ሮቢት ይሁን፣ ጎብዬ ይሁን፣ ቆላው ይሁን እያልኩ የት እንደማደርጋቸው ሳስብ ረዳቱ "ቆቦ ወራጅ!" ብሎ ቀሰቀሰኝ።

ስለዚህ ሆዴ፣ እንዲህ ወሰንኩ። ስድስተኛዋን አላመጣትም። አምስቱን ይዤ እሄዳለሁ። ለቅዳሜ ማለዳ ጭነት ባጃጅ ተነጋግሬያለሁ፤ ወንበሮቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ላስቲክህን ጠምጥሜ አዘጋጅቻለሁ። ከእድራችን ሁለት ሽማግሌ ይዣለሁ፤ መርዶው በወጉ ይነገራል፣ ሼህ ይማምም እንዳልሰማ ሆነው ያለቅሱልሃል፣ እኔም እንዳልዋሸሁ ሆኜ አለቅሳለሁ። ከዚያ ስድስቱ አንድ ላይ ይሆናሉ፤ ዋጃ፣ እሳቸው ደጅ። ለቅሶው ሲያበቃ በአንተ ቦታ ሆኜ "አደራዎን ተቀብያለሁ" እላቸዋለሁ፤ ቀጥዬም "አሁን ደግሞ እኔ አደራ ልስጥዎት" ብዬ የኛን ወንበር እዚያው እተዋታለሁ። ሲሰግዱ ትያዛቸው። ለመያዝ ድሮም ጎበዝ ናት።

አምስቱን ይዤ እመለሳለሁ። እስካለሁ ድረስ በየበጋው ኮላቸውን አያለሁ፣ ቅጠላቸውን በጥፍሬ እቆጥራለሁ፣ አንተን እያሰብኩ፤ ይህን አልረሳም።

አንድ ነገር ብቻ አልወጣልኝም። ሼህ ይማም በሷ ላይ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ዘይነባ፣ እኔ፤ አምስት ሰው ነን። አንዷ ወንበር ትተርፋለች። እታገኝ ከአጥሩ ማዶ "የኔ ናት፣ ማንም እንዳይነካት!" ብላ ከወዲሁ ይዛታለች። እኔ ግን ዋጃ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳይከር፣ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥባት ዝም ብዬ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስመለስ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ከኒሟ ሥር ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ።