ሙፊዳ ያነበበችው ወረቀት

ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አብደላ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? የጉልበትዎ ሕመም ለቀቀዎት? እትዬ ዘነቡስ እንደምን ናቸው? ሻሸመኔ ሰላም ናት? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ዘንድሮ ለነፋስ ስልክ ሰው ይህ ትልቅ ወሬ ነው።

የዛሬ ሳምንት አሰሳ ነበር። የቀበሌው ጥበቃዎች ቤቴን ሲፈትሹ፣ ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አገኙ። ቀስትና ቁጥር የበዛበት ሥዕል አለው። ማንበብ የቻለ ከመካከላቸው ጠፋ፤ እኔም እንደሚያውቁኝ ከአማርኛ ፊደል አላልፍም። አለቃቸው «የቦምብ አሠራር ነው!» ብሎ ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደገነ።

ይህን ጊዜ ልጄ ሙፊዳ ከእናቷ እጅ አምልጣ «እኔ ላንብበው፤ ሰባተኛ ክፍል ነኝ» አለች። እንግሊዝኛውን እያነበበች በአማርኛ ነገረቻቸው። ለካስ መርፌ እንዴት እንደሚቀየር የሚያስረዳ የመኪናዋ መመሪያ ኖሯል። ሰውየው «ከልብሽ ፈጥረሽ ነው» ቢላት፣ መኪናዋን ነክታ የማታውቅ ልጅ ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛ፣ እንደተጻፈው ብሎኑን አላልታ መርፌውን አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ትተውኝ ወጡ። አምና እርስዎ «የፈረንጅ ቋንቋ ለሴት ልጅ ምን ይረባታል» ብለውኝ ነበር፤ ይኸው የእኔን ነፍስ አተረፈ።

ጣጣው ግን በዚያ አላበቃም። ማክሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠርቶ፣ ከሰው ቤት የተያዙ ወረቀቶችን እንድታነብለት አዘዛት። የመጀመሪያው የአንድ ተማሪ የቤት ሥራ ነበር። የቀሩትን ሰኞ ተመልሳ እንድታነብ ተነግሯታል። እቤት ስትገባ እህል አልቀመሰችም። «አባባ፣ አንድ ቃል ብሳሳት ሰው ይገደላል እኮ» አለችኝ።

ስለዚህ ነገ ማለዳ ሾፌሩ ሙሄ ይህን ደብዳቤና እሷን ይዞልዎ ይመጣል። ከከተማ የምትወጣበትን የቀበሌ መሸኛ ያስጻፍኩት፣ ባለቤትዎ እትዬ ዘነቡ በጠና ታመዋል፣ ልታስታምማቸው ነው ብዬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ለሚጠይቅ ሁሉ «ዘነቡ ታማለች» ይበሉ። አደራዎን፣ ትምህርት ቤት ያስገቡልኝ። ትናንት «እንግሊዝኛው ይቅርብሽ ይሆን?» ብላት፣ «አይቀርም፤ የማልሳሳት እስክሆን እማራለሁ» ብላኛለች።

እትዬ ዘነቡን እጅ ነሥቻለሁ። መሐሙድን ጉንጩን ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎን ሂርጳንም ሰላም ይበሉልኝ። አንብበው ሲጨርሱ ይህን ወረቀት ያቃጥሉት። ልጅቷ ከገባች ደግሞ በሙሄ በኩል «እህሉ ደርሷል» ብቻ ብለው ይላኩብኝ፤ እናቷ እስከዚያ በር በሩን እያየች ነው።

ታናሽ ወንድምዎ ኑሪ
ነፋስ ስልክ፣ ግንቦት 6 ቀን 1969 ዓ.ም.