የጓደኛዋ ልብ ወለድ

ጥቅምት 4

ዛሬም የፍቅር ልብ ወለድ። በዚህ ወር ሦስተኛው። ማተሚያ ቤታችን ሌላ ነገር ማተም ትቷል መሰለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ራዲዮ ከረቂቁ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ፕሩፉን፣ ለእርማት የታተመውን ወረቀት፣ በቀይ እስክሪብቶ እየተከተልኩ አርማለሁ። ራዲዮ ያልናት ቀኑን ሙሉ ስለምታነብ ነው። እኔን ከኋላዬ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ባላውቅ ይሻላል።

ልጅቷ እንደተለመደው ዓይነ ትልቅ። ሰውየው ቁመተ ሎጋ። መኪናው ነጭ። ገጽ አርባ ላይ ዝናብ መጣ፣ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። ምነው በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው ጠፋ? ሽንኩርት የሚገዛ የለ። ጥርሱን የሚያመው የለ። ገጽ መቶ ሃያ ላይ ልጅቷ ስሙ በማይታወቅ በሽታ ወደቀች። ራዲዮ እንባዋን ጠረገች። እኔ በስህተት ሁለት ጊዜ የተጻፈ መስመር አገኘሁ።

ባለፈው ሳምንት ያረምነው የንብ እርባታ መመሪያ ግን... መጽሐፍ ማለት እሱ ነው! ንቧ የምትሠራውን ይናገራል፣ በቃ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በልጃችን ክፍል ነበረች። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ የምትተኛው እዚያ ነው። "ታንኮራፋለህ" ብላኝ ነው። እውነቷን ነው፣ አንኮራፋለሁ።

ጥቅምት 9

ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ጥቅል ወረቀት ይዛ መጣች።

"ጓደኛዬ ልብ ወለድ ጽፋ ነው። እስቲ አንብብላት።"

"የፍቅር ነው?"

"እንጃ... ስለ ትዳር ነው።"

"እኔ እኮ ከተናገርኩ ሰው ይቀየመኛል።"

"እሱን ነው የፈለገችው። እንዳያዝንልኝ ብላለች።"

በሃያ አንድ ዓመት ትዳራችን ውስጥ ስለ መጽሐፍ ሐሳቤን ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አለኝ። ጠረጴዛውን ጠርጌ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 13

አራት ምዕራፍ ጨረስኩ። ሴትዮዋ መጻፍ ትችላለች! ሐቁን መናገር ነው። አንዲት ሚስት፣ አንድ ባል፣ አንድ ቤት። ሚስትየው ሻይ ታፈላለች፣ ሁለት ብርጭቆ ትቀዳለች፣ የሱ ይቀዘቅዛል። ዝናብ የለ፣ ነጭ መኪና የለ። ግን ሳታውቀው ገጹን ትገልጠዋለህ።

ችግሩ ባልየው ነው። ምን ዓይነት ፍጡር ነው? አይማታ፣ አይሰክር፣ አይወሰልት፣ አያወራ። ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ሚስትየው አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቱ ስትቆም "መብራቱን ጋረድሽኝ" ይላታል። በገጹ ጠርዝ ላይ ጻፍኩ፦ "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።" ራሴም ሳቅሁ። ምዕራፍ አራት መጨረሻ ላይ፦ "ይህች ሴት ምን ትጠብቃለች? ትሂድ እንጂ! ባልየው ወይ ሰው ይሁን ወይ ይቆረጥ።" ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ባለቤቴ ቆማ አነበበችው። "እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ።

"ስንት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ" አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

ጥቅምት 19

ምዕራፍ አምስት።

የሚስትየው አባት ይሞታሉ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የሐዘን መግለጫ ጽፋ ለባሏ ትሰጠዋለች። ባልየው ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ ያወጣል። ሁለት ስህተት ያርማል። ወረቀቱን ይመልስላታል። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብሎ የሚያያት።

ቀይ እስክሪብቶ ይላል።

ምሳ አልበላሁም። ራዲዮ "ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?" አለችኝ። ሆዴን ነው አልኳት።

አባቷ ያረፉት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ዕድሜያቸው ተሳስቶ ነበር እኮ! ሰባ አራት የነበሩትን ሰው አርባ ሰባት ብላ ጽፋ። ማን ያርመው ታዲያ? አቅፌያት ቆይቼ ባርመውስ? ጋዜጣው የሚወጣው በማግስቱ ነበር... ጊዜ ነበረኝ።

ጓደኛ የምትባል የለችም ማለት ነው።

"ትሂድ እንጂ" ያልኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።

ጥቅምት 20

ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እሷም የት ገባ ብላ አልጠየቀችም።

ጥቅምት 24

አውቄያለሁ ብል ነገሩ ፈጦ ይወጣል። ያኔ ትሄዳለች። ስለዚህ እንዳላወቀ ሰው ሆንኩና ጻፍኩላት፦ "ደራሲዋ በባልየው ላይ ጨክናለች። አንድ መልካም ሥራ እንኳ ይኑረው።"

ማታ መልስ ይዛ መጣች። "ጓደኛዬ ፈልጌ አጣሁ ብላለች። እሱ የሚያውቀው ካለ ይንገረኝ አለች።"

"ምን ዓይነት?"

"ማንኛውንም። ትንሽም ብትሆን።"

ዓይኔን አላየችም። እኔም አላየኋትም። ሁለት ቀን ስጪኝ አልኳት። አንድ መልካም ሥራ ለማስታወስ ሁለት ቀን!

ጥቅምት 26

አገኘሁ! ሆስፒታሉ! ልጃችን የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ባለቤቴ ቀዶ ጥገና አድርጋ ተኝታ ነበር። ሦስት ቀን አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ። ወንበሩ ሳይቀር ትዝ ይለኛል፤ አረንጓዴ፣ አንድ እግሩ አጭር።

ቁርስ ላይ እንደ ቀላል ነገር አነሳሁት። "ሚስትየው ታማ ሆስፒታል ብትተኛ፣ ባልየው ሦስት ቀን ከአጠገቧ ባይነሳስ?"

ዳቦዋን አስቀመጠች።

"ታማ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ከአጠገቧ ያልተነሳችው እናቷ ናት። እሱ በምሳ ሰዓት ብቅ ይል ነበር። ሥራውን ይዞ።"

"ወንበሩ ግን..."

"የቱ ወንበር?"

ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ቢሮ ገብቼም ስለ ወንበሩ ሳስብ ዋልኩ። እግሩ አጭር መሆኑን እንዴት አወቅሁ ታዲያ? ከሰዓት በኋላ መጣልኝ። አማቴ ናቸው የነገሩኝ። ወንበሩ እየተንገዳገደ ስላስቸገራቸው ከሥሩ የሚደረግ ወረቀት እንድሰጣቸው ለመኑኝ። ፕሩፍ ነው፣ ይቆሽሻል አልኳቸው።

ምነው ባላስታወስኩት ኖሮ!

ኅዳር 2

ዛሬ ያደረግሁትን ለማንም አልናገርም። እነዚያን የምስቅባቸውን መጻሕፍት ከመደርደሪያ አወረድኩና ወንዶቹ ምን እንደሚያደርጉ በዝርዝር ጻፍኩ። ሽቶ ይገዛሉ። ሳይጠሩ ይመጣሉ። ዓይን ያወድሳሉ። ራዲዮ በትከሻዬ በኩል አየችና "አመመህ እንዴ?" አለች።

ሽቶ ገዛሁ። ባለቤቴን በር ላይ ጠብቄ "ዓይኖችሽ..." አልኩ። የቀረው ጠፋኝ። በቃሌ ይዤው ነበር እኮ!

ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ይህን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ? እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የሷ ሳቅ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

"ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?"

"ላስደስትሽ ብዬ..."

"አሁን?" አለች። ሽቶውን ግን ተቀበለችኝ።

ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ይላሉ። ምን ያህል እንደደረቀ በምን ይታወቃል?

እነዚያ መጻሕፍት ውሸታሞች ናቸው፣ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን ሰውየው ጃኬቱን ያወልቃል። ጃኬት ማውለቅ ምኑ ይከብዳል?

ኅዳር 6

ልጃችን ደወለች። "አባዬ፣ ከእማዬ ጋር ተነጋገራችሁ?"

"ስለ ምን?"

"...እሷው ትንገርህ። ምሳህን ግን ብላ፣ እሺ?"

ልጄም አንብባኛለች። እስከ ስንተኛው ምዕራፍ ይሆን?

ኅዳር 11

ዛሬ ከሰዓት። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"መጨረሻው ብቻ ቀርቷል። ጓደኛዬ መወሰን አቅቷታል። እንደ አንባቢ ንገረኝ። ትሂድ ወይስ ትቆይ?"

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። "ትቆይ" ብዬ ጻፍኩ።

አየችው። "ለምን?"

"እንዲሁ... ቢሆን ጥሩ ነው።"

"ሌላ ደራሲ ቢሆን እንዲሁ ብሎ አያመልጥህም። ምክንያት ጻፍ ትለው ነበር።"

እውነቷን ነው። ስንቱን ደራሲ በዚህች "ለምን?" አስለቅሻለሁ። መጽሐፉንም አውቀዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ምዕራፍ በኋላ ብትቆይ ማንም አያምንም፣ እኔ ራሴ አላምንም። ያለኝ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ እንድትሄድ አልፈልግም። ለአንባቢ አይበቃም። ለሷስ ይበቃ ነበር? ልነግራት ቀና አልኩ። እሷም ጠበቀች፣ ብዙ ጠበቀች። ብቻ በል፣ ተናገር! እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

"እሺ" አለችና ወረቀቶቹን ሰበሰበች።

"ጓደኛሽን ሰላም በይልኝ" አልኩ።

ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚለው? ምን ዓይነት?

"እላታለሁ" አለች።

ኅዳር 14

ሄደች። እህቷ መኪና ይዛ መጣች። ሁለት ሻንጣ። ደረጃውን እኔ ነኝ ያወረድኩላት። "ይሄኛው ይከብዳል" አልኳት፣ "መጽሐፍ ነው" አለች።

ኅዳር 15

ሻይ አፈላሁ። አንድ ብርጭቆ።

ግንቦት 21

አለቃችን ጠዋት አዲስ ሥራ ጠረጴዛችን ላይ ጥሎ ሄደ። ልብ ወለድ። ሽፋኑ ላይ የባለቤቴ ስም ከነአባቷ።

ራዲዮ አየችኝ። "ለሌሎቹ አራሚዎች እንስጣቸው?"

"አንብቢ" አልኳት።

ምዕራፍ አንድ። ሴትዮዋ ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣለች። ሻይ የለም፣ ጋዜጣ የለም፣ ሆስፒታል የለም። ያነበብኩት ረቂቅ አንድ ገጹ እንኳ አልቀረም። ቤት ትከራያለች። ሥራ ትቀይራለች። ጎረቤቷ ከሆነች አንዲት ጡረተኛ ነርስ ጋር ብስክሌት መንዳት ትማራለች፣ ሁለቱም አጥር ውስጥ ይወድቃሉ። ራዲዮ እየሳቀች ማንበብ አቃታት። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ከልቤ ነው የምለው፣ በዚህ ዓመት ከመጡልን ሁሉ ይበልጣል።

እኔ ግን ራሴን እየፈለግሁ ነበር። ብትሰድበኝም ግድ የለኝ። ክፉ ቢሆንም፣ ደደብ ቢሆንም፣ ባልየው የሆነ ቦታ ይኖራል ብዬ። ሃያ አንድ ዓመት እኮ ነው።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ነርሷ ብቻሽን ነሽ ወይ ብላ ትጠይቃታለች። ራዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፦ "ከዚያ በፊት አግብታ ነበር።"

ንባቧን አቆመች። ጠበቅሁ። የሚቀጥለው አንቀጽ ስለ አዲሱ ቤት መስኮት ነው።

አራት ቃል። ፊደል በፊደል አየሁት። ተመልሼም አየሁት። ምንም ስህተት የለውም።

"ትክክል ነው" አልኳት፣ "ቀጥይ።"