ለገብርኤል የተሳልሽው ጥላ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ አፀደ፤ ደብረ ብርሃን።

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ገርጂ ያለነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከውኃ በቀር የጠፋብን ነገር የለም።

ልጅሽ ሀይሚ በእንግሊዝኛ ፈተናው አንደኛ መውጣቷን ሰምተሻል። ኤርፖርት አካባቢ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ለሥራ ሊቀጥራት አስቦ ፈተናውን በኢንተርኔት ልኮላት፣ እዚሁ ሳሎን ተቀምጣ ሠራችው። እኔም ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ሞራል እሰጣት ነበር። ጥያቄዎቹ “ቦርድ” ነው “ቦሪንግ”፣ “ኤክሳይትድ” ነው “ኤክሳይቲንግ” የሚሉ ነበሩ። አንዱንም አልተሳሳትንም፤ ማለቴ፣ አልተሳሳተችም።

ትናንት ደግሞ ደውለው “ሐሙስ በአካል እናነጋግርሽ” አሏት። ወዲያው ልምምድ ጀመርን። “ለምን እኛ ጋ መሥራት ፈለግሽ?” አልኳት በእንግሊዝኛ።

“አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ” አለችኝ ኮራ ብላ። ሥራው ስቦኛል ለማለት፣ እኔ በጣም ሳቢ ሰው ነኝ ማለቷ ነው። አረምኳት፤ ደግማ እሱኑ አለችው።

“ጋሼ፣ ሐሙስም አጠገቤ ትቀመጣለህ አይደል?” ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ለሰፈሩ ሁሉ ማብሰርሽንና ለገብርኤል የተሳልሽውን ጥላ መግዛትሽን ሰማሁ። ያምራል አሉ። ብቻ እስከ ሐሙስ ከነላስቲኩ እቤት ይቆይ፤ ገብርኤል እንደሆነ አይቸኩልም። የሆነው ቢሆን ደግሞ ልጅቷን አትቆጫት።

ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በጸሎትሽም ሁለታችንን አስቢን፤ ከተቻለ እኔን አስቀድመሽ።

ወንድምሽ ገብረየስ