በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ

ሪንኮን፣ ቴክሳስ

ውድ ዶን አሎይስ፣

እንዴት ሰነበቱ ብዬ አልጀምርም። ቢያምዎትም ደህና ነኝ እንደሚሉ ስለማውቅ ቀለም ማባከን ነው። የምጽፈው ቅዳሜ በልጄ ሰርግ ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ልነግርዎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ስላልነበሩ ከሰው መስማትዎ አይቀርም፤ እውነቱን የሚነግርዎ ግን የለም። አባቴን ቢጠይቁት ሁሉም ነገር በወጉ ሄደ ይልዎታል። አጎቴ ቼማ ደግሞ ጥፋቱን በሩ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ከእኔ ይስሙት።

በነሐሴ የደወልኩልዎ የልጄን የየሴኒያን የሰርግ ሰልፍ እንዲመሩልኝ ለመለመን ነበር። ሂውስተን ልጅዎ ቤት ከገቡ ወዲህ ድምፅዎ ቀጥኗል። «ሄርሊንዳ ልጄ፣ ሰልፍ የሚመራው ጥንድ ነው። እኔ አሁን ጥንድ አይደለሁም» አሉኝና ወዲያው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ባለቤትዎን ቭላስታን ከቀበርን ገና መንፈቋ ነበር፤ ምን ብዬ ልከራከርዎ? ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ እንደቆምኩ አለቀስኩ። ለሰርጉ ብዬ አልነበረም። ከእንግዲህ ሪንኮን የሚመልስዎ ምንም ነገር እንደሌለ ስለገባኝ ነው።

አባቴ እምቢ ማለትዎን ሲሰማ ምን እንዳለ ልንገርዎ?

«ይቅርበት! ላ ማርቻ፣ የሰርግ ሰልፉ፣ የእኛ የሜክሲኮዎቹ ነው። ቼኮቹ ከእኛ ነው የቀዱት። እሱ ካልመጣ ቼማ ይመራዋል፣ አለቀ።»

እርስዎም እኮ ዕድሜዎን ሙሉ ተቃራኒውን ነው የሚሉት። አያትዎ ከቼኮች አገር፣ ከሞራቪያ፣ ሲመጡ ሰልፉን ከአኮርዲዮናቸው ጋር በመርከብ ይዘውት እንደመጡ ስንቴ ነግረውናል። በየሰርጉ እናንተ ሁለታችሁ ቢራ ይዛችሁ ስትጨቃጨቁ ቭላስታ መሀል ገብታ «በቃ ዝም በሉና ተሰለፉ፣ እግሬን ቆረጠመኝ» ትል ነበር። (አንቱ ስላት ትቆጣ ስለነበር ዛሬም አንቺ እያልኩ ነው የማስባት፤ ቅር እንዳይልዎት።)

አሁን ወደ ወይዘሮ ዳርሊን ልምጣ። ዳርሊን የሙሽራው እናት ናት። ከኦሃዮ ነው የመጡት። ዶን አሎይስ፣ እንደዚህች ሴት የምትጠይቅ ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ቤቴ ገብታ ገና ሳትቀመጥ ለሰርጉ የጋገርኩትን ኮላቼ አየች። ያቺን ቋሊማና ቃሪያ የምናስገባባትን።

«ይሄ የሜክሲኮ ዳቦ ነው?»

«የቼኮች ነው» አልኳት።

«ቃሪያውስ?»

«እሱ የእኛ ነው።»

«ቋሊማውስ?»

«ጀርመኖቹ ሥጋ ቤት ነው የሚሠራው።»

«ማን ጋገረው ታዲያ?»

«እኔ።»

«አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«ቭላስታ።»

አንዱን ገምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ጓሮ ሆኖ አባቴ አኮርዲዮኑን ለቅዳሜ ይለማመድ ነበር። «ይሄ የሜክሲኮ ሙዚቃ ነው፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ ስላት «ፖልካ ነው እኮ! የእኔ አያት ፖላንዳዊት ነበረች፣ ክሊቭላንድ ውስጥ በዚህ ነው ስንጨፍር ያደግነው» ብላ ኩሽናዬ መሀል እየዘለለች አሳየችኝ። እግሯ እንዴት እንደሚያምር! ከዚያ ደከማትና ተቀመጠች። «የኔ እህት፣ ታዲያ እዚህ ቤት ያንቺ የሆነው የቱ ነው?»

ሳቅኩ። ነገሩ ግን ገብቶ ተሰነቀረብኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሬ፣ በልቼ፣ ጨፍሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ይህን ጠይቄ አላውቅም። በዚያ ሰሞን የያዝኩትን ዕቃ ሁሉ እያገላበጥኩ ማየት ጀመርኩ። ለገና በበቆሎ ቅጠል የሚጠቀለለውን ታማሌ የምቀቅልበት ትልቁ ድስት የቭላስታ ነው፤ እናንተ ቤት ደግሞ ገናን ያለ እናቴ ታማሌ ያሳለፋችሁበት ዓመት የለም። መጋገሪያው እጄን ሲያቃጥለኝ የምሳደበው በቼክ ቋንቋ ነው። እርስዎ ደግሞ የሚጠግኑት አኮርዲዮን አልገጥም ሲልዎ የሚራገሙት በስፓኒሽ ነው፤ ያውም ቄስ ፊት የማይባለውን። ማን ከማን እንደተማረ አላውቅም። ማወቅ ግን በጣም አማረኝ።

ቅዳሜ ከእራት በፊት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ለሰልፍ ተጠራን። ከፊት ቼማና ሚስቱ ኦፌሊያ፣ ከኋላቸው የሴኒያና ባሏ ኮሪ፣ ከዚያ እኛ፣ ከዚያ ሌላው ሰው ሁሉ። የዳርሊን ባል ጉልበቱን ስላመመው ከወንበሩ አልተነሣም። እሷ ግን «እኔ ይሄ አያመልጠኝም» ብላ ብቻዋን ጭራው ላይ ቆመች። እዚህ ቤት ብቻውን የሚሰለፍ የለም ብሎ ሊነግራት የደፈረ አልተገኘም። አባቴ አኮርዲዮኑን ከፈተ፣ ጉዞ ጀመርን።

ያኔ ነው ጉዳችን የታየው፣ ዶን አሎይስ። ሰልፉን የሚያውቅ ሰው የለም! ሁላችንም የምናውቀው የቭላስታን ጀርባ መከተል ነው። የእኛ ነው ብሎ የሚምለው አባቴ ራሱ ዕድሜውን መድረክ ላይ ስለሚጫወት አንድም ቀን ተሰልፎ አያውቅም።

ቼማ አዳራሹን አንዴ በደንብ ዞረ። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ጥንዶቹ ግራና ቀኝ ከመከፈላቸው በፊት፣ በሩ ጋ ወደ መድረኩ መታጠፍ ሲገባው ፊት ለፊቱ በሩ ለሙቀቱ ተብሎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰተት ብሎ ወጣ።

«የት ነው የምትሄደው አንተ ሰውዬ?» ኦፌሊያ እጅጌውን ትጎትታለች።

«ዝም ብለሽ ተከተይኝ! አውቄ ነው!»

እጅ መልቀቅ ነውር እንደሆነ ያውቃሉ። ሰልፉ ከተበጠሰ ትዳሩ አይሰምርም ይባላል፤ የሙሽራዋ እናት ሆኜ እኔ የመጀመሪያዋ ለቃቂ ልሁን? ማንም አለቀቀም። አዳራሹ በሙሉ እጅ ለእጅ እንደተያያዘ በዚያ በር ፈሶ ወጣ። ሰልፉ ሳያልቅ ሙዚቃው አይቆምም፣ ያለ ሙዚቃም ሰልፍ አይሄድም። አባቴ ምን ያድርግ? አኮርዲዮኑን እንዳነገተ ከመድረኩ ወርዶ እየተጫወተ ከኋላችን መጣ። ድራም መቺው ከበሮዎቹን ተሸክሞ ሊወጣ አይችልም፤ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ከሩቅ ይመታልናል።

ውጪ ሲወጣ ቼማ መመለሻው ጠፋው። ሥጋው የሚጠበስበትን ምድጃ ዞረ። ጠባሹ ሹካውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። የየሴኒያ ቬሎ የመኪና ማቆሚያውን ጠጠር እየጠረገ ነው፤ እሷ ግን ሳቅ ሊገድላት ደርሷል። ከዚያ ቼማ ፔካን ዛፉ ሥር የቆመች አረንጓዴ ፒክአፕ አየና፣ የሚዞረው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት እሷን መዞር ጀመረ።

ውስጧ ሰው ነበር። እርስዎ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያውቁታል፤ ግን ያዩት በመኪና መስታወት ነው። ከእኛ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ሰልፉ እየዞረ መኪናዋን ከበባት። ሁሉም አይቶዎታል፤ ሁሉም እንዳላየ ሆኖ ይዞራል። መስኮቱን ለማንኳኳት የደፈረ የለም። መጨረሻ ላይ አባቴ ደረሰና መጫወቱን ሳያቆም ጎንበስ አለ።

«አንተ ሽማግሌ! ትወርዳለህ ወይስ እስኪነጋ መኪናህን እንዙር?»

መስታወቱን ዝቅ አደረጉት። አባቴን አላዩትም።

«ቼማ! በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ነው! ወደ ግራ! ይህን ሁሉ ዘመን ስትሰለፍ ምንድን ነበር የምታየው?»

«ቭላስታን ነዋ!» አለ ቼማ።

ካለ በኋላ ነው የደነገጠው። ሰልፉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቴ ብቻ መጫወቱን አላቆመም።

«ተዋቸው አሎይስ» አለ አባቴ። «ሰልፉ የራሳችን ነው፣ ወዳሻን እንወስደዋለን።»

«ወደ ጥብሱ ነው የምትወስዱት? እንዲህ አበላሽታችሁት ነው ደግሞ የእኛ ነው የምትሉት?»

በሩን በርግደው ወረዱ። እኔኮ በነሐሴ ስንት የሚያጽናና ቃል ሳሰናዳ ነበር! አንዱም አላስፈለገም፤ ያወረደዎት ንዴት ነው። ሲወርዱ ያየሁትን ልጠይቅዎና ደስ ካለዎት ይመልሱልኝ። ላለመግባት ቆርጠው ከነበረ ሙሉ ልብስዎን ለምን ለበሱ? ጫማዎን ለምን ወለወሉት? ደግሞስ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የተቀመጡት? የመኪናዋን ሞተር ክዳን በእጄ ነክቼዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ያን ሁሉ መንገድ ነድተው መጥተው፣ የልጄን ሰርግ ዛፍ ሥር ሆነው በጆሮዎ ብቻ ሲታደሙ ነበር ማለት ነው?

ከዚያ ቼማን ገፋ አድርገው ከፊት ቆሙ። በልማድዎ ክንድዎን አጠፉ። አጠፉና፣ ምን እንዳደረጉ ገባዎት። ፊትዎ ሲለወጥ አየሁ። ሪንኮን ውስጥ ያንን ክንድ የሚነካ ሰው የለም፤ ቭላስታን የማያውቅ የለማ። እንዲያ ቆመን ሳለን ዳርሊን ከጭራው ጠጠሩን እየረገጠች መጣች።

«ይቅርታ» አለች፣ «እኔ ጥንድ የለኝም» ብላ እጇን በክንድዎ አስገባች። «አሁን ወዴት ነው?»

ክንድዎን ይነጥቋታል ብዬ ነበር። ቁልቁል አይተዋት፣ ጉሮሮዎን ጠርገው «በሩ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ፣ እመቤቴ» አሏት።

ስንመለስ ድራሙ አሁንም እየመታ ነበር። ወደ ግራ ታጠፍን፣ ጥንዶቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፣ ክንዳችንን ወደ ላይ አጋጥመን ዋሻ ሠራን፣ ሙሽሮቹ በሥሩ ሾልከው አለፉ። ክቡ ሲዘጋ የሴኒያና ኮሪ መሀል ቀርተው ጨፈሩ። እንባዬን ጠርጌ ሳበቃ ፈለግኩዎት። የሉም። ወጥቼ ባይ መኪናዋም የለችም። ምግብ እንኳ ሳይቀምሱ! መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ፈራሁ። ስንብትዎ መስሎኝ ነው። ዛሬም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ከሄዱ በኋላ የሆነውን ግን ማወቅ አለብዎት። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ትከሻውን ሲያሽ ዳርሊን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዶን ኤውሴቢዮ፣ ይሄን ሰልፍ በጣም ወደድኩት። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፣ የቼኮች ነው ወይስ የሜክሲኮዎች?»

እኔ ጆሮዬን ቀስሬ ቆምኩ። የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። አባቴ ቢራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የቭላስታ ነው» አላት።

«እሷ ማናት? የት ናት? ላመስግናት።»

«እዚሁ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ።»

ዳርሊን መጠየቅ ያቆመችው ያኔ ብቻ ነው። እሑድ ጠዋት ወደ ኦሃዮ ከመሄዳቸው በፊት ከየጠረጴዛው የተረፈውን አበባ ሰብስበን አብረን ሄድን። መቃብሩ ጋ ብዙ ቆመች። ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ቭላስታ መታጠፊያው መድረሱን በምን ታውቅ ነበር?» አላውቅም አልኳት። በዜማው ነው? በልቧ ትቆጥር ነበር? ወይስ እርስዎ ክንዷን ቀስ አድርገው ይጫኗት ነበር? ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው በዓለም ላይ ያለው፤ እሱም ሂውስተን ተቀምጦ ደህና ነኝ ይላል።

የቼማ ልጅ በሚያዝያ ታገባለች። ስለዚህ መጪው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔና አባቴ እርስዎ ዘንድ እንመጣለን። በልጅዎ ጋራዥ ውስጥ ከበር እስከ በር ያራምዱኛል፤ እስክችል ድረስ አልሄድም። ማስተማሩ ከከበድዎት በሚያዝያ መጥተው ይምሩልን፤ መምራቱ ከከበድዎት ያስተምሩኝ። ሁለቱንም እምቢ ማለት ግን አይችሉም። ጥያቄዬም ገና አላለቀም፤ ከዳርሊን ተጋብቶብኛል መሰለኝ።

አባቴ የሚመጣው ለእርስዎ ብሎ እንዳልሆነ እንድጽፍልዎ አጥብቆ አስጠንቅቆኛል። የአኮርዲዮኑ ወናፍ አየር ያስወጣል፣ ከአሎይስ በቀር የሚጠግነው የለም ይላል። ትናንት እሱ ሳያይ ከሳጥኑ አውጥቼ እጥፋቱን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁት። ምንም አልሆነም። እባክዎ፣ ቶሎ አይጠግኑለት።

አክባሪዎ፣
ሄርሊንዳ ካቫሶስ