በድሮው ቁጥር ለሚደውለው ልጅ

ውድ ልጄ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልብ በይልኝ። የቤታችን ስልክ ቁጥር ተቀይሯል። በድሮው ቁጥር ከውጭ አገር የሚደውል ሰው የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ብቻ ነው። እኛ ግን በስልኩ ማንንም እያነጋገርን አይደለም፤ እጀታውንም ከቦታው አላነሳነውም። ይህን ከያዝሽ የቀረውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ስትውዪ ይይዝሻል? የክፍልሽ ብርድስ ቀነሰልሽ? ደራርበሽ ልበሺ ያልኩሽን እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደግሜ እልሻለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በጉልበቷ ከማማረሯ በቀር ምንም አልሆነችም። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ መነጽሬን መፈለግ ሆኗል።

የቁጥሩን ነገር ያወቅሁት በሒሳብ ምክንያት ነው። በዚህ ወር በመጣው የስልክ ሒሳብ ላይ የማላውቀው ቁጥር ተጽፎ አየሁ። የሌላ ሰው ዕዳ ሊያስከፍሉኝ ነው ብዬ እሳት ጎርሼ ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየት አደረገችና፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ የራስዎ ቁጥር ነው፤ ከፊቱ ሁለትና ሰባት ተጨምሮበት ነው። በጋዜጣ ወጥቷል» አለችኝ። ጋዜጣ ከነማስታወቂያው የማነብ ሰው ነኝ ብዬ ተሟገትኳት። ቤት ስመለስ ያ የጋዜጣ ገጽ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከጫማዎቼ ሥር ተነጥፎ ተገኘ። እናትሽ፣ «አንብበህ የጨረስከው መስሎኝ ነው፤ ደግሞ ጫማህ እያነበበው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ኩምሽሽ አልኩ።

ከአገር ውስጥ በድሮው ቁጥር ለሚደውል ሰው ቁጥሩ መቀየሩን የሚናገር የተቀዳ ድምፅ አለ። ስለዚህ የከተማው ሰው በአዲሱ እየደወለ ሲያገኘን ምንም አልጠረጠርንም። አክስትሽ እንኳ ድምፁን ሰምታ፣ ለባለቤቶቹ የራሳቸውን ቁጥር ምን ብዬ ልንገራቸው ብላ ዝም ብላለች። ለውጭ ደዋይ ግን ያ ድምፅ አይሰማም። ተጨማሪ ልክፈልና ለውጭም ይሰማ ብዬ ልጅቷን ብጠይቃት፣ «ቢከፍሉም አይሆንም አባባ፤ እንዲህ ያለ አገልግሎት የለንም። ዘመድዎን ራስዎ ይንገሩ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ስለ ጎረቤታችን ስለ ልብስ ሰፊዋ ብዬ ነው። እንደምታውቂው ስልክ የላትም። አብራችሁ ስታድጉ ቀጭኔ ትሉት የነበረው አንድ ልጇ ከዚያው አንቺ ካለሽበት ከተማ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእኛ ስልክ ይደውልላት ነበር። እሷም ቁልፍ የሚተከልለት ልብስ ይዛ መጥታ ከስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ዘንድሮም እንደማይመጣ ነገራት። «ካልመጣህ አትደውል! ድምፅህን ምን ላድርገው፣ ልልበሰው?» ብላ ዘጋችበት።

ንዴቷ ግን ከበራችን አላለፈም። በሚቀጥለው እሑድ ከወትሮው ቀድማ መጥታ ተቀመጠች። ስልኩ አልጮኸም። በሌላውም እሑድ አልጮኸም። ከዚያ በኋላ መምጣቷን ተወች፤ የስፌት መኪናዋም ድምፁ ጠፋ። እናትሽ ልታያት ብትሄድ የሰው ልብስ ሳይሰፋ ተከምሮ አገኘችው። «አትደውል አልኩት፣ ታዘዘኝ። በልጅነቱ አንድ ቀን ታዝዞኝ የማያውቅ!» አለቻት። እናትሽ ይህን ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው።

እንግዲህ ከመሥሪያ ቤቱ የሰማሁትን ይዤ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። ልጇ ደውሎ ከሆነ የሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ መሆኑን አስረዳኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ጢው ጢው ባለ ቁጥር ገንዘቡን ይቆጥርበታል?» ብላ ነው። የተያዘ መስመር ሒሳብ እንደሌለው ነገርኳት። ተመስገን ካለች በኋላ በድንገት ጭኗን መታች። «ውይ ጉዴ! የስልኩን እጀታ ሆን ብዬ ከቦታው ያስነሳሁበት ይመስለዋላ!» አለች። እውነቷን ነው። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው። ልጁ እናቴ ጨክናብኛለች ብሎ ከነጭራሹ እንዳይተወው።

እኛ ልንደውልለት አንችልም። የሚደውለው ከመንገድ ስልክ ነው፤ ቤትም ቀይሯል። በፊተኛው ደብዳቤሽ ገበያ ላይ አግኝተሽው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው የልብስ ማጠቢያ እንደሚሠራ ጽፈሽልኝ ነበር። እዚያ ሄደሽ ጠይቂ። ስሙን መጥራት ካቃታቸው ጣሪያ ሊነካ የደረሰውን በያቸው። ለአንቺ መደወልም አስቤ ነበር፤ ግን የቤት አከራይሽ አንስታው እስክንግባባ ድረስ ደቂቃው ያልቃል፤ ሒሳቡ ደግሞ የሚጀምረው «ሃሎ» ከሚለው ነው።

አደዋወሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የውጭ አገር መስመር መክፈቻውን፣ ቀጥሎ የአገራችንን መለያ ቁጥር፣ ቀጥሎ የከተማችንን መለያ ያለ ዜሮው፣ ከዚያ ሁለትና ሰባት፣ በመጨረሻም የድሮውን ቁጥራችንን እንዳለ። ዜሮው የሚያስፈልገው በአገር ውስጥ ለሚደውል ብቻ ነው። አደራሽን፣ ገብቶኛል ሲልሽ አትመኚው። በእጁ ይጻፈው፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ።

እናቱ እንዲህ በይልኝ ብላለች፦ «አትደውል ያልኩት እኔ ነኝ፤ መስመሩን የያዝኩት ግን እኔ አይደለሁም። ይደውል። የመምጣቱን ነገር በስልክ እንጣላበታለን።» ይህን ካስጻፈችኝ ወዲህ ፊቷ ፈካ ብሏል። ትናንት የስፌት መኪናዋን ስሰማ ለእናትሽ ጠቆምኳት፤ እሷም ሰምታው ኖሮ ፈገግ አለች። እሑድ ደግሞ እንደ ድሮው ቁልፏን ይዛ ልትመጣ ነው።

እናትሽ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች። ታናሽ ወንድምሽ ፈተናውን በደህና አልፏል፤ እስኪ እሷ ትመነው ብሎ የውጤቱን ወረቀት አብሮ ልኮልሻል። አክስትሽ ናፍቆቷን ትገልጽልሻለች፤ የሰማችውን ሁሉ ወዲያው እንድትነግረንም አስምለናታል። የቤት አከራይሽንም በቋንቋዋ ሰላም በይልን።

ቀጭኔን ካገኘሽው ስልኩ ራሱ ይነግረናል። ካላገኘሽው ግን ስልኩ ዝም ሲል ልጁ አኩርፎ ይሁን ወይም ወሬው ሳይደርሰው ቀርቶ ይሁን የምናውቅበት መንገድ የለንም፤ እናቱም እንደገና የመሰላትን ማሰብ ትጀምራለች። ስለዚህ ብታገኚውም ባታገኚውም ሳትውዪ ሳታድሪ መልሱን ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ
ከቤት፣ ረቡዕ ጠዋት